ለማድለቢያ አሳማ ፕሮቲን ቀንሶ ላይሲን መጨመር ያዋጣል?

የካዛንቺስ አርቢ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ቢሮዬ ካዛንቺስ ሲሆን አሳማዎቼን የማረባው በከተማው ዳርቻ በሚገኝ ግቢ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የመኖዬ ዋና ምንጭ በመሀል ከተማ ካሉ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች የምሰበስበው ቡሌ ነበር። ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደርና በመልሶ ማልማት ሥራ ሲፈርሱ ግን ከደንበኞቼ አንዳንዶቹ ተዘጉ፣ ሌሎቹም ወደየአቅጣጫው ተበተኑ፤ ስለዚህ ራሴ እየቀመርሁ ወደ ደረቅ መኖ ዞሬአለሁ።

ክብደታቸው ከ75 ኪሎ በላይ ለሆነና ለገበያ ለሚደልቡ አሳማዎች የምጠቀምበት ቅንብር በአንድ ኩንታል 45 ኪሎ በቆሎ፣ 25 ኪሎ የስንዴ ፉርሽካ፣ 20 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው)፣ 8 ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎ ሲሆን የቀረው 2 ኪሎ ጨው፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል) ነው። የፕሮቲኑ መጠን በስሌት ወደ 17 በመቶ ይጠጋል። ይሁን እንጂ ዕድገታቸው ከምጠብቀው በታች ነው፤ የፋጉሎ ዋጋ በየጊዜው ይጨምራል፤ የግቢው ሽታም ጎረቤቶቼን አስመርሯል።

በቅርቡ አንድ የመኖ ነጋዴ «ፕሮቲኑን ቀንስና ላይሲን ጨምርበት፤ ወጪህም ሽታውም ይቀንሳል» ብሎ መክሮኛል። ነገሩ እውነት ከሆነ ከየትኛው መኖ ላይ ምን ያህል ልቀንስ፣ ላይሲኑንስ በምን መጠን ልጨምር? ከላይሲን ሌላ ሊጎድል የሚችል አሚኖ አሲድ ካለም ቢነገረኝ። ሥጋውን የሚወስዱልኝ ሆቴሎችና ሥጋ አዘጋጆች ጮማ የበዛበትን ስለማይፈልጉ፣ ይህ ለውጥ ስብ ይጨምር እንደሆነም ለማወቅ እፈልጋለሁ።

መኖ ቀማሪ

ወንድሜ፣ ነጋዴው የሰጠዎት ምክር በመሠረቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከመቀነሱ በፊት የሚታይ ነገር አለ። የእርስዎን ቅንብር የሚጎዳው የፕሮቲኑ መጠን ሳይሆን የፕሮቲኑ ዓይነት ነው። አሳማው የሚጠቀመው ፕሮቲኑ በአንጀቱ ሲፈጭ የሚገኙትን አሚኖ አሲዶች ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ሰውነቱ ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው በመኖው ውስጥ እርስ በርስ በተመጣጠነ መጠን መገኘት አለባቸው። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ቢትረፈረፈውም ቁልፉ ለሦስት ሸሚዝ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የሚያስረክበው ሦስት ሸሚዝ ነው። በእህልና በእህል ተረፈ ምርት ላይ በተመሠረተ የአሳማ መኖ መጀመሪያ የሚያልቀው ላይሲን ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የአሳማ የምግብ ፍላጎት ሠንጠረዥ መሠረት ከ75 እስከ 100 ኪሎ የሚመዝን አሳማ መኖው 0.73 በመቶ የሚፈጭ ላይሲን እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ ከ100 እስከ 135 ኪሎ ለሚመዝነው ደግሞ 0.61 በመቶ ይበቃል። «የሚፈጭ» የምለው እስከ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ድረስ ወደ ደም የሚገባውን ነው፤ የቀረውን የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ስለሚበሉት ወይም ከፋንድያው ጋር ስለሚወጣ አይቆጠርም። በቆሎ ከዚህ ላይሲን የሚሰጠው 0.19 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ዘይቱ በኬሚካል የወጣለትና ጥሩ ሆኖ የተዘጋጀ የአኩሪ አተር ፋጉሎ እስከ 2.6 በመቶ ይሰጣል። ኑግ ከ30 በመቶ በላይ ፕሮቲን ቢኖረውም ከፕሮቲኑ ውስጥ ላይሲን የሚይዘው ድርሻ ከአኩሪ አተር እጅግ ያነሰ ነው፤ ሜቲዮኒን በተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ በኩል ግን አይታማም። የአገራችን ኑግ በየመጭመቂያው የተለያየ መሆኑን ታሳቢ አድርጌ ቅንብርዎን ሳሰላው የሚፈጨው ላይሲን ከ0.6 በመቶ በታች ይሆናል። ይህ ማለት 17 በመቶ ፕሮቲን እየገዙ ለ80 ኪሎ አሳማ የማይበቃ ላይሲን እያቀረቡ ነው። ትርፉ ፕሮቲን የት ይሄዳል ካሉ፣ አሳማው ናይትሮጅኑን ነጥሎ በሽንት ያስወጣዋል፤ ጎረቤቶችዎን ያስመረረው አሞኒያ በአብዛኛው ከዚያ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ቅናሹን ከኑጉ እንዲጀምሩ ነው። የኑጉን ፋጉሎ ከ20 ወደ 10 ኪሎ ያውርዱ፤ በቆሎውን ከ45 ወደ 54 ኪሎ ከ600 ግራም ያሳድጉ፤ ፉርሽካውን፣ አኩሪ አተሩንና ማዕድኑን እንዳለ ይተዉት፤ 300 ግራም ላይሲን ሃይድሮክሎራይድና 80 ግራም ያህል ትሪዮኒን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ይጨምሩበት። የፕሮቲኑ መጠን ወደ 15 በመቶ ይወርዳል፣ የሚፈጨው ላይሲን ግን ወደ 0.73 ይወጣል። ትሪዮኒን ከሚፈጨው ላይሲን 65 በመቶ ያህል መሆን ስላለበት ነው የጨመርሁት። ሜቲዮኒንና ሲስቲን በአንድ ላይ 58 በመቶ፣ ትሪፕቶፋን 18 በመቶ፣ ቫሊን 67 በመቶ ገደማ ይፈለጋሉ፤ በዚህ ቅንብር ሜቲዮኒኑን ኑጉ፣ ትሪፕቶፋኑን ደግሞ ፉርሽካውና ፋጉሎዎቹ ስለሚሸፍኑት አሁን ለእነርሱ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግዎትም።

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ላይሲን ሲገዙ ከረጢቱን አዙረው ያንብቡ። በገበያው ሁለት ዓይነት አለ። ሃይድሮክሎራይዱ ከክብደቱ 78 በመቶ ያህሉ ላይሲን ነው። ሰልፌቱ ግን በከረጢቱ ላይ «70 በመቶ» ተብሎ ቢጻፍበትም ያ ቁጥር ላይሲኑን ከሰልፌቱ ጋር አንድ ላይ የሚቆጥር ስለሆነ ንጹሕ ላይሲኑ 55 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ የ300 ግራም ሃይድሮክሎራይድን ቦታ ለመሸፈን ከሰልፌቱ 430 ግራም ያህል ይፈልጋሉ። ሻጩ «ያው ነው» ቢልዎት ያው አይደለም። ሰልፌቱ መጥፎ ዕቃ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ዋጋውን በኪሎ ከረጢት ሳይሆን በኪሎ ንጹሕ ላይሲን ካሰሉት አንዳንድ ጊዜ እርሱ ይረክሳል።

ስለ አዋጭነቱ የቀማሪዎች የቆየ መለኪያ አለ፤ 97 ኪሎ በቆሎና 3 ኪሎ ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ በላይሲን በኩል 100 ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎን ይተካሉ። ወደ እህል በረንዳ ሲወርዱ የዕለቱን የበቆሎ ዋጋ ይጠይቁ፤ የሁለቱን ወገን ድምር በወረቀት ላይ ያነጻጽሩ። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ከውጭ የሚገባው ላይሲን ዋጋ ይዋዥቃል፤ ባለፈው ወር ያዋጣ ስሌት በዚህ ወር ላያዋጣ ይችላል። መለኪያው ግን የሚሠራው ለመጀመሪያው ቅናሽ ብቻ ነው። ለምሳሌ በኩንታል 78 ኪሎ በቆሎና 20 ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎ ባለው መኖ ላይ 10 ኪሎ አኩሪ አተር አውጥተን በ9 ኪሎ ከ700 በቆሎና በ300 ግራም ላይሲን ብንተካው ፕሮቲኑ ከ16 ወደ 12 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ላይሲኑ እንዳለ ይቆያል፤ ነገር ግን 90 ግራም ያህል ትሪዮኒንና 20 ግራም ያህል ትሪፕቶፋን ወዲያው ይጎድላሉ። ከዚያም በታች ቢወርዱ ቫሊንና አይሶሉሲን ይከተላሉ፤ ገላው ራሱ ሊሠራቸው የሚችላቸውን አሚኖ አሲዶች የሚሠራበት ናይትሮጅንም ሊያጥር ይችላል። በእኛ ገበያ ትሪፕቶፋንና ቫሊን እንደ ላይሲን በቀላሉ ስለማይገኙ በፕሮቲኑ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት የመቶኛ ነጥብ ካለው ቅናሽ በላይ አልመክርም።

የድሮ አርቢ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። ሥጋ ማለት ፕሮቲን ነው። ከ18 በመቶ በታች አውርጄ አላውቅም፤ አሳማዎቼም ይደልባሉ። በግራም የሚለካ ነጭ ዱቄት ተማምኖ ፋጉሎን መቀነስ ለእኔ ከባድ ድፍረት ነው። ደግሞስ ይህ ከፋብሪካ የሚመጣ ነገር ለሥጋው ተመጋቢ ጤና ደኅና ነው?

መኖ ቀማሪ

ጋሼ፣ የእርስዎ አሳማዎች የሚደልቡት 18 በመቶው ውስጥ በቂ ላይሲን ስለሚገኝ ነው፤ አኩሪ አተርዎ ከጠያቂው በርከት ያለ ይመስለኛል። በዚያ መንገድ ቢቀጥሉ አሳማው አይጎዳም። የሚጎዳው ኪስዎ ነው፤ ምክንያቱም ላይሲኑን ለማግኘት ሲሉ ሌሎቹን አሚኖ አሲዶች ከሚፈለገው በላይ ይገዛሉ። ትርፉን ናይትሮጅን ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት ማስወጣት ራሱ ለእንስሳው ጉልበት የሚያስወጣ ሥራ ነው፤ ውኃም አብዝቶ ይጠጣል። ብዙ ሙከራዎች በአንድ ድምፅ የሚያሳዩት የመኖው ፕሮቲን በአንድ በመቶ ነጥብ በቀነሰ ቁጥር፣ አሚኖ አሲዱ ተሟልቶ እስከ ተገኘ ድረስ፣ አሳማው የሚያስወጣው ናይትሮጅን ከ8 እስከ 10 በመቶ እንደሚቀንስ ነው።

ስለ ዱቄቱ ለጠየቁት፣ የመኖ ላይሲን የሚመረተው ኮሪኔባክቴሪየም በተባለ ባክቴሪያ አማካይነት ስኳርንና ስታርችን በማብላላት ሲሆን ዘዴው በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከተገኘ ወዲህ በዓለም ሁሉ በዶሮና በአሳማ መኖ ውስጥ ሲሠራበት ኖሯል። ከፋጉሎ ከሚገኘው ላይሲን ጋር በባሕርይው አንድ ነው፤ ሥጋው ውስጥ ተለይቶ የሚቀር ነገር የለውም። ሜቲዮኒን ግን በአብዛኛው በኬሚካል መንገድ ስለሚሠራ ግማሹ የተፈጥሮው ተቃራኒ ቅርጽ ነው፤ እርሱንም ቢሆን አሳማው በጉበቱ ቀይሮ ይጠቀምበታል።

ግራም የሚያህል ነገር ላይ መተማመን ያስፈራል ያሉት ግን ትክክል ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 300 ግራም ዱቄትን በአንድ ኩንታል ላይ በአካፋ በትኖ ማዳረስ አይቻልም። ላይሲኑንና ትሪዮኒኑን አስቀድሞ ከ2 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር በባልዲ በደንብ ማዋሃድ፣ ያንን ከ10 ኪሎ ጋር ማዋሃድ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው ክምር መግባት ነው። ሚዛኑም ግራም የሚለይ መሆን አለበት፤ ለኩሽና የሚሸጠው ትንሹ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን በቂ ነው፤ የፒያሳ ወርቅ ቤቶችን ሚዛን መዋስ አያስፈልግም።

ሥጋ አዘጋጅ ከፒያሳ

የእኔ ሥራ ከበረቱ በኋላ ያለው ነው፤ ሳሲጅ፣ ሞርታዴላና በጭስ የተዘጋጀ ሥጋ ለሆቴሎች አዘጋጃለሁ። ጠያቂው ስለ ስብ ያነሡትን በተመለከተ ከተቀባይ ወገን የማየውን ልናገር። መኖ ከለወጡ አርቢዎች የሚመጣው ሥጋ አንዳንድ ጊዜ የጀርባው ስብ በግልጽ ይወፍራል፤ ለሞርታዴላ ጥቂት ስብ ብፈልግም ለኮቴሌትና ለሚጨስ ሥጋ ግን ሆቴሎቹ ይመልሱብኛል። ይህን የሚያመጣው የፕሮቲኑ መቀነስ ነው ወይስ የበቆሎው መብዛት? አርቢዎችን ስጠይቅ እያንዳንዱ የተለያየ ምክንያት ይሰጠኛል።

መኖ ቀማሪ

እህቴ፣ ሁለቱም መንገዶች ወደ ስብ ያደርሳሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን መፍትሔውን ስለሚለውጠው ጥቂት ላብራራው።

የመጀመሪያው የላይሲን ጉድለት ነው። አርቢው ፋጉሎውን ቀንሶ ላይሲኑን ካልጨመረ፣ ወይም ያልተዳረሰ ቅልቅል ካበላ፣ አሳማው ቀይ ሥጋ የሚሠራበት ነገር ያጣል፤ የበላው ጉልበት ግን የግድ አንድ ቦታ መቀመጥ ስላለበት ወደ ስብ ይዞራል። እንዲህ ዓይነቱ አሳማ ዕድገቱም ይዘገያል። በነገራችን ላይ፣ በሥጋው ጡንቻ መካከል ያለውን ስብ ለማብዛት ሲሉ በማድለቢያው መጨረሻ ላይሲኑን ሆን ብለው የሚያሳንሱ አርቢዎች በውጭ አገር አሉ፤ እርስዎ ለሳላሜ የሚሆን ሥጋ ብቻ የሚያስደልቡ ቢሆን ኖሮ ይህም አንድ አማራጭ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ይበልጥ የተሰወረ ነው። አሚኖ አሲዱ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ፕሮቲኑ ሲቀንስ፣ ትርፍ ናይትሮጅንን ለማስወጣት ይባክን የነበረው ጉልበት ይተርፋል፤ ሙቀት ሆኖ ይጠፋ የነበረውም ይቀንሳል። በፋጉሎው ቦታ የገባው በቆሎ ደግሞ ስታርች ነው። መኖውን ሙቀት ሆኖ የሚጠፋውን በማይቀንሰው በቆየው የጉልበት ስሌት የሚቀምር ሰው ሁለቱ መኖዎች እኩል ይመስሉታል፤ አሳማው ግን ከአዲሱ የበለጠ የተጣራ ጉልበት ያገኛል፣ ጀርባውም ይወፍራል። መፍትሔው ፕሮቲኑን መመለስ ሳይሆን ጉልበቱን መቀነስ ነው። ለጠያቂው ቅንብር ፉርሽካውን 25 ኪሎ ላይ የተውሁት ለዚህ ነበር። ጀርባው ከወፈረ ከበቆሎው 5 ኪሎ ያህል ቀንሰው በፉርሽካ ሊተኩት ይችላሉ፤ ወይም ከ90 ኪሎ በኋላ የፈለገውን ያህል እንዲበላ ከመተው ይልቅ መጠኑን ይወስኑለት።

መጠን ሲወስኑ ደግሞ መቶኛው እንደሚለወጥ አይርሱ። የአሳማው ፍላጎት በመሠረቱ በቀን የሚለካ ነው፤ በዚህ ክብደት በቀን ከ17 እስከ 19 ግራም የሚጠጋ የሚፈጭ ላይሲን ይፈልጋል። በቀን 2.6 ኪሎ ለሚበላ አሳማ 0.73 በመቶ ይህንን ይሰጣል፤ 2.2 ኪሎ ብቻ የሚሰጠው ከሆነ ግን ወደ 0.86 በመቶ ከፍ ማለት አለበት። በሌላ በኩል ሠንጠረዡ የተሠራው ፈጥነው ቀይ ሥጋ ለሚሠሩ የተመረጡ ዝርያዎች ስለሆነ፣ ለእኛ ድቅል አሳማዎች ጥቂት ዝቅ ብሎ መጀመር ያስኬዳል።

ሐኪም ዘአራት ኪሎ

በእንስሳት ሕክምና ላይ የተሰማራሁ ነኝ። የቀመሩ ስሌት ደኅና ተብራርቷል፤ እኔ ስሌቱ በበረት ውስጥ የሚበላሽባቸውን ቦታዎች ልጠቁም።

በመጀመሪያ፣ በከረጢት የሚጨመረው ላይሲን መፈጨት ስለማያስፈልገው ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ በፋጉሎው ፕሮቲን ውስጥ የታሰሩት ሌሎቹ አሚኖ አሲዶች ግን ዘግይተው ይደርሳሉ። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚበላ አሳማ ላይሲኑ ቀድሞ ደርሶ አጋር ሲያጣ ያቃጥለዋል፤ ተደጋግሞ በሚበላ አሳማ ግን ይህ ብክነት በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ መኖው ቢያንስ በቀን ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጥ፤ ሦስት ጊዜ ቢሆን ይሻላል።

ሁለተኛው መኖን ከውኃ ወይም ከቢራ ፋብሪካ ብቅል ተረፈ ምርት ጋር አቡክቶ የማሳደር ልማድ ነው። በሚያድረው ቡኮ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ነፃውን ላይሲን ቀድመው ይበሉታል። ማራስ ከተፈለገ በሚቀርብበት ሰዓት ይሁን።

ሦስተኛውና በእኔ ዘንድ ትልቁ የፋጉሎው ሙቀት ነው። አኩሪ አተር በጥሬው ከሆነ ፕሮቲን የሚፈጨውን የአንጀት ኢንዛይም የሚያግድ ነገር ስላለበት ዕድገትን ይገታል። ከልክ በላይ ከተጠበሰ ደግሞ ላይሲኑ ከስኳር ጋር ተጣብቆ ለአሳማው የማይጠቅም ይሆናል፤ የላብራቶሪው ውጤት ግን ያንኑ የፕሮቲን መቶኛ ያሳያል። ኑግም በመጭመቂያው ውስጥ ሲቃጠል እንዲሁ ነው። ጠቆር ያለና የመቃጠል ሽታ ያለው ፋጉሎ በርካሽ ቢቀርብልዎት ከላይ በተሰላው ላይሲን ላይ አይቁጠሩ። ኑግ ሲገዙ ሻጋታውንም ያስተውሉ፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ውስጥ የተገኘው አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ከኑግ ፋጉሎ ጋር ተያይዞ የታወቀ ነው፤ አሳማም ለዚህ መርዝ ከከብት ይልቅ ስስ ነው። ኑግ መቀነሱ በዚህ በኩልም ይጠቅማል።

ፕሮቲን ቶሎ ይበዛል ብሎ ዩሪያ የሚጨምር ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ። ላብራቶሪ የፕሮቲኑን መጠን የሚያወጣው ናይትሮጅንን ለክቶ በ6.25 በማባዛት ስለሆነ ቁጥሩ ያምራል፤ አሳማው ግን እንደ ከብት የሚያመሰኳ ጨጓራ ስለሌለው አንዳች አይጠቅመውም።

በመጨረሻም፣ ጠያቂው የቀረቻቸውን ቡሌ አሁንም ከደረቁ መኖ ጋር የሚያበሉ ከሆነ በሚገባ ይቀቅሉት። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የአፍሪካን የአሳማ ትኩሳት ለመከላከል የሚጠይቀው ያለማቋረጥ እያማሰሉ ቢያንስ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ60 ደቂቃ ማቆየትን ነው። በሽታው ክትባቱ በእኛ ዘንድ የሌለ፣ በረትን በአንድ ጊዜ ባዶ የሚያደርግ ነው፤ በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ መከሰቱ ተረጋግጧል። ቡሌ የሚጨመርበት መኖ ላይ ጨውም መቀነስ ያስፈልጋል።

የካዛንቺስ አርቢ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መኖውን የማቀርበው በቀን አንድ ጊዜ ጠዋት ስለነበር የሐኪሙ ነጥብ በተለይ ጠቅሞኛል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የምገዛው ፋጉሎ ከጭነት ጭነት ስለሚለያይ የትኛው ላብራቶሪ ሊለካልኝ ይችላል? አዲሱ ቅንብር መሥራቱንስ አሳማዎቹ እስኪታረዱ ሳልጠብቅ በምን ላውቅ እችላለሁ? ደግሞ በላይሲን ስለበለጸገ በቆሎ የሰማሁት ነገር አለ፤ እውነት ከሆነ ላይሲን መግዛቱን ያስቀራል?

መኖ ቀማሪ

ለፕሮቲን፣ ለእርጥበትና ለአሠር ምርመራ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩቱ የሆለታ ማዕከል የመኖ ላብራቶሪ አለው፤ ጉርድ ሾላ ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋምም መኖ በብርሃን ነጸብራቅ የሚለካበት መሣሪያ አለው። ናሙና ይቀበሉ እንደሆነና ክፍያውን ደውለው ይጠይቁ። ናሙናውን ከአንድ ከረጢት አፍ ላይ አይዝገኑ፤ ከብዙ ከረጢቶች መሀል እየወሰዱ ቀላቅለው ግማሽ ኪሎ ያህል ይላኩ። የአሚኖ አሲድ ምርመራ ውድ ስለሆነ በየጭነቱ አይሠራም፤ ፕሮቲኑን ካወቁ ላይሲኑን በግምት ማስላት ይቻላል፣ የሐኪሙ የሙቀት ማስጠንቀቂያ እንደተጠበቀ ሆኖ።

በቆሎው እውነት ነው። በፕሮቲን ጥራቱ የተመረጠው በቆሎ የላይሲንና የትሪፕቶፋን መጠኑ ከተራው በቆሎ ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ በአገራችንም የተለቀቁ ዝርያዎች አሉ። 55 ኪሎ ተራ በቆሎ በዚህ ዓይነት ቢተካ 100 ግራም ላይሲን የሚያስቀር ይመስለኛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ችግሩ እህል በረንዳ ሲደርስ ከሌላው ጋር ስለሚደባለቅ ለይቶ መግዛት አለመቻሉ ነው። ከአምራች ማኅበር በቀጥታ ካላገኙት በቀር አይድከሙበት።

ሐኪም ዘአራት ኪሎ

ቅንብሩ መሥራቱን አሳማዎቹ ሳይታረዱ ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። ርካሹ ክብደታቸው ተቀራራቢ የሆኑ አሳማዎችን በሁለት ጉረኖ ከፍሎ አንዱን በአሮጌው፣ ሌላውን በአዲሱ ቅንብር ማብላትና የበሉትን መኖ ከጨመሩት ክብደት ጋር ማነጻጸር ነው። የወንድና የሴት ብዛት በሁለቱም ጉረኖ እኩል ይሁን፤ የቀረ መኖ ካለም ተመዝኖ ይቀነስ። ትልቅ ሚዛን ከሌለ ከፊት እግር ኋላ ደረቱን በሜትር እየለኩ መከታተል ይቻላል፤ አንዱን አሳማ ከራሱ ጋር ለማወዳደር ይበቃል።

ሁለተኛው በደም ውስጥ ያለውን ዩሪያ መለካት ነው። አሚኖ አሲዱ በተመጣጠነ ቁጥር የሚቃጠለው ትርፍ ስለሚያንስ የደሙ ዩሪያ ይወርዳል፤ ለውጡም መኖው ከተቀየረ ጥቂት ቀናት በኋላ ይታያል። ምርመራው ለሰው የኩላሊት ምርመራ የሚሠራው ዓይነት ስለሆነ በመሀል ከተማ አስቸጋሪ አይደለም፤ ደሙን ግን የእንስሳት ሐኪም ይቅዳው። ከየጉረኖው አራት ወይም አምስት አሳማ ይበቃል። ዩሪያ ከምግብ በኋላ ከፍ ስለሚል ከሁለቱም ጉረኖ የሚወሰደው ናሙና ጠዋት መኖ ሳይቀርብ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። ዩሪያው ወርዶ ዕድገቱ እንዳለ ከቆየ ወይም ከተሻሻለ ቅንብሩ ሠርቷል ማለት ነው። ዩሪያው ወርዶ ዕድገቱም ከወረደ ግን ቅናሹ በዝቷል ወይም ላይሲኑ አልተዳረሰም፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ ትሪዮኒኑንና የቅልቅሉን አሠራር ይፈትሹ፣ ኑጉን ለመመለስ አይቸኩሉ።